ልብሽ ድኗል፣ ጅማትሽ ግን ገና ነው

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ለረጅም ጊዜ ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ግን ተራው የእኔ ሆነ። ዕድሜዬ 36 ነው። መሮጥ ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆኖኛል፤ ምርጥ የግማሽ ማራቶን ሰዓቴ 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። ባለፈው ዓመት የቀኝ እግሬ የአኪለስ ጅማት (ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው) መሃሉ ላይ አብጦ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ያነክሰኝ ጀመር። ሐኪሙ ጅማቱ መጎዳቱን፣ ነገር ግን አለመበጠሱን ነገረኝ። 4 ወር ሩጫ አቁሜ ብስክሌት ስነዳና ፊዚዮቴራፒስቱ ያዘዘልኝን ተረከዝ የማንሣትና የማውረድ እንቅስቃሴ ስሠራ ቆየሁ። ወደ ሩጫ ከተመለስኩ 7 ሳምንት ሆኖኛል። በሳምንት 4 ቀን፣ በድምሩ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ እሮጣለሁ፤ ረጅሙ 12 ኪሎ ሜትር ነው።

«ከ10 ሳምንት በኋላ ልሮጠው የምመኘው ግማሽ ማራቶን አለ። አብራኝ የምትሮጥ ጓደኛዬ በየአካባቢው እሑድ እሑድ የሚደረጉትን የጎዳና ሩጫዎች እንደ ልምምድ እንድጠቀምባቸው መከረችኝ። እኔም አራቱ ላይ ተመዘገብኩ፦ በሚቀጥለው እሑድ 5 ኪሎ ሜትር፣ በ3ኛውና በ5ኛው ሳምንት 10 ኪሎ ሜትር፣ በ7ኛው ሳምንት 15 ኪሎ ሜትር።

«የሚያሳፍረኝን ደግሞ ልንገርዎ። ከ2 ሳምንት በፊት አንድ የ5 ኪሎ ሜትር ውድድር ‹እንደ ልምምድ› ሮጬ ነበር። ከቤት ስወጣ አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ልሮጥ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አለፍኩት፤ ውድድሩን በ25 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጨረስኩ። ስሮጥ ምንም አላመመኝም። በማግስቱ ግን ከአልጋዬ እስከ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ሕመሙ 3 ቀን ቆየ። ውድድርን እንደ ልምምድ መሮጥ በእርግጥ ይቻላል? ወይስ ሙሉ በሙሉ እስክድን ልጠብቅ? የሚቻል ከሆነስ ሰው ራሱን እንዴት ይይዛል?

እግሯን ጥላ የሮጠች»

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ዓይኔ ያረፈው ግድግዳ ይዘሽ በሄድሽበት ማለዳ ላይ አልነበረም፤ በ6 ደቂቃ ልሮጠው ብለሽ በ4 ደቂቃ ከ50 ባለፍሽው የመጀመሪያ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የጉዳዩ ሥር ያለው እዚያች የ70 ሰከንድ ልዩነት ውስጥ ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ ከጉዳት የሚመለስ ሯጭ የአካባቢውን ውድድር ለልምምድ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ጓደኛሽ አልተሳሳተችም። ሙሉ በሙሉ እስክትድኚ መጠበቅም አያስፈልግሽም፤ ጅማት ተቀምጠው ቢጠብቁት አይጠነክርም። ነገር ግን ከተመዘገብሽባቸው አራት ውድድሮች ሁለቱን ተያቸው። የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ ውድድርነታቸው እንዲጠፋ አስቀድመሽ አበላሺያቸው። «አበላሺያቸው» ያልኩት አምልጦኝ አይደለም፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ስትሮጪ ዝም ያለው እግር በማግስቱ ለምን እንደጮኸ እንይ። 4 ወር ሙሉ ብስክሌት መንዳትሽ ልብሽንና ሳንባሽን ጠብቆልሻል። ጥሩ ነገር ነው፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ልብና ሳንባ የጎደላቸውን በሳምንታት ውስጥ ይሞላሉ። ጡንቻም ብዙ ወደ ኋላ አይቀርም። ጅማት ግን ደም የሚደርሰው በጥቂቱ ነው፤ የተሠራባቸው ቃጫዎችም የሚታደሱት እጅግ በዝግታ ነው። የእሱ ዘመን የሚቆጠረው በወር ነው። ስለዚህ አሁን ያለሽበት ሁኔታ ጉልበተኛ በሬ ገና ባልደረቀ ጠፍር ተጠምዶ እንደ ማረስ ነው። በሬው መሳብ ይችላል፤ ጠፍሩ ግን አይችለውም።

ስሌቱን እንመልከተው። በሩጫ ጊዜ እግር መሬት ረግጦ ሲገፋ የአኪለስ ጅማት የሚሸከመው ኃይል ከሰውነት ክብደት ከ6 እስከ 8 እጥፍ ይደርሳል። በአንቺ ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር 1000 እርምጃ ያህል ነው፤ ግማሹ የቀኝ እግር ድርሻ ነው። በዚያ የ5 ኪሎ ሜትር ውድድር ቀኝ ጅማትሽ 2500 ጊዜ ያህል ተወጥሯል፤ ያውም እስከዚያ በ5 ሳምንት ከለመደው በበለጠ ፍጥነት። ያኔ ያልተሰማሽ ሰውነትሽ ሞቆ፣ ሕዝቡና ሙዚቃው አነቃቅቶሽ ስለነበር ነው። የሞቀ ጅማት አይናገርም፤ መልሱን የሚሰጠው ተኝቶ ሲነሣ ነው። «ስሮጥ አላመመኝም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከእንግዲህ ከማስረጃ አትቁጠሪው።

ፊዚዮቴራፒስትሽ ያዘዘልሽ የተረከዝ እንቅስቃሴም ታሪክ አለው። በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ሆካን አልፍሬድሰን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ነው። ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ማውረድ፣ አንዴ ጉልበትን ዘርግቶ፣ አንዴ ጉልበትን አጥፎ፣ እያንዳንዱን 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጠዋትና ማታ። ደምሪው፤ በቀን 180 ነው። እንደሚነገረው ሰውየው ራሱ ጅማቱን የታመመ ሯጭ ነበር። ቀዶ ጥገና ሲከለከል «እንግዲያው እስኪብስበት ልሥራበት» ብሎ ጀመረው፤ እንዳሰበው ሳይሆን ተሻለው። ለእኛ የሚጠቅመን የፕሮግራሙ ርዝመት ነው፦ 12 ሳምንት፣ በየቀኑ። ያን ያህል ሥራ የሚጠይቅ ጅማት በአንድ እሑድ የሞራል ጉልበት አይታለልም።

አሁን ወደ 5 ኪሎ ሜትሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሯጭ ይሳሳታል። ከጉዳት ሲመለሱ «ከአጭሩ ልጀምር» ማለት ጥንቃቄ ይመስላል። ለሳንባ እውነት ነው፤ ለአኪለስ ጅማት ግን አጭር ውድድር ከረጅሙ ይከፋል። አጭር ርቀት ሰውን ያስቸኩላል። ሲቸኩሉ በእግር ጣት ሥር ባለው ክፍል ላይ ተነሥቶ መግፋት ይበዛል፤ ያን ጊዜ ሸክሙን የሚቀበሉት ባትና ጅማት ናቸው። 10 ኪሎ ሜትር ላይ ቢያንስ ለራስሽ «ገና ሩቅ ነው» ማለት ትችያለሽ። 5 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያግድ ምክንያት የለም፤ ሁሉም ከመነሻው ጀምሮ ይፈተለካል። እንግዲያው የሚቀጥለው እሑድ 5 ኪሎ ሜትር ይቅር። ከ2 ሳምንት በፊት 3 ቀን ያስነከሰሽን ነገር መድገም ልምምድ አይባልም። የደረት ቁጥርሽን ግን ለሌላ ሰው አትስጪ። በስምሽ የሮጠ ሰው መንገድ ላይ ቢወድቅ ሐኪሞቹ የሚያገኙት የአንቺን ስምና የአንቺን ቤተሰብ ስልክ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ውድድርን ለምን ጨርሰሽ ተዪው እንደማልልሽ መናገር አለብኝ። ብቻውን 10 ኪሎ ሜትር በተረጋጋ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ጥቂት ነው፤ በአጀብ ግን ይሮጣል። መንገዱ ተለክቷል፣ መኪና ታግዷል፣ ውኃ ተዘጋጅቷል፣ እግርሽ እምቢ ቢል የሕክምና ሠራተኛ በቅርብ አለ። ከዚህም በላይ ከጉዳት የተመለሰ ሰው ከእግሩ ሌላ የሚጎዳበት ነገር አለ፤ ልቡ ይፈራል። እያንዳንዷ ስሜት የጅማቱ መበጠሻ ትመስለዋለች። ሰው መሃል ገብቶ፣ ሰዓት ጠብቆ፣ ሆዱ ተረብሾ፣ ሮጦ በደኅና ወደ ቤት መመለስን ዳግመኛ መልመድ አለበት። ግማሽ ማራቶኑ ቀን ላይ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከምትጋፈጪው በትንንሹ ብትቀምሺው ይሻላል።

ራስን ስለ መያዝ ጠይቀሽኛል። እኔም አንድ ጊዜ አልያዝኩትም ነበርና ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ የግራ ጅማቴን ታምሜ 6 ወር ተቀምጬ 10 ኪሎ ሜትር «እንደ ልምምድ» ልሮጥ ሄድኩ። እስከ 7ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ መነኩሴ ነበርኩ። እዚያ ላይ ከኋላዬ የብረት ድምፅ ሰማሁ፦ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። አንድ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ጎልማሳ የቤቱን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ እየሮጠ ነው። በአጠገቤ አለፈኝ። ከአንገት በላይ ያለው ክፍሌ «ይለፍ» አለ። እግሬ ግን ቁልፍ የሚያንቃጭል ሰው ሲቀድመው ማየት አልቻለም። 8ኛውን ኪሎ ሜትር ድምፁን እየተከተልኩ ሮጥኩ፣ 9ኛው ላይ ደረስኩበት፣ መጨረሻው ላይ ቀደምኩት። ሰውየው እየተወዳደርን እንደነበር እንኳ አላወቀም፤ ውኃውን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ሰኞ ጠዋት የቤቴን ደረጃ የወረድኩት ሁለት እጄን መደገፊያው ላይ አድርጌ፣ እንደ ሸርጣን በጎን ነው። ከዚያ በኋላ 11 ሳምንት አልሮጥኩም።

ከዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር መነሻው መስመር ላይ የሚገባ ቃል ዋጋ እንደሌለው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? የአንቺም የ6 ደቂቃ ውሳኔ የተፈታው እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ፈቃድሽን አትመኚው፤ ይልቁንስ ብትፈልጊም መወዳደር እንዳትችይ አድርገሽ ሂጂ። ውድድሩን አበላሺው ማለቴ ይህ ነው።

እንዴት? ከመነሻው መጨረሻ ረድፍ ላይ ቁሚ፤ በእግራቸው ከሚሄዱት፣ የልጅ ጋሪ ከሚገፉት ጋር። ከፊትሽ ያለው ሕዝብ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በግድ ያዘገይልሻል። አንቺን ያጠፋሽ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር መሆኑን አትርሺ። ቀላሏን የውድድር ጫማሽን ቤት ተያት። በተለይ ሶሏ ውስጥ ለፍጥነት የሚገባው ጠንካራ የካርቦን ዝርግ ያላት ከሆነች ለሌላ ጊዜ ትቆይ፤ ለ7 ሳምንት የሮጥሽበት ጫማ ይበቃል። ውኃ በሚታደልበት ቦታ ሁሉ ቁሚና አንድ ደቂቃ እየተራመድሽ ጠጪ። በየ3ና 4 ኪሎ ሜትሩ አንድ ደቂቃ የሚራመድ ሰው ሰዓቱ ተበላሽቷል፤ ሰዓቱ የተበላሸበት ሰው ደግሞ ለሰዓት አይሮጥም። ከሁሉም በላይ የሚሠራው ግን ከአንቺ ቀርፋፋ ለሆነ ሰው ቃል መግባት ነው። ያን ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሮጥ ወዳጅ ፈልጊና «አብሬህ ነው የምጨርሰው» በይው። ሰው ለራሱ የገባውን ቃል ያፈርሳል፤ እያለከለከ «አለሽ?» የሚለውን ወዳጁን ግን ጥሎ መሄድ ያፍራል።

የጓደኛሽ ምክር የጎደለውም እዚህ ላይ ነው። ጤነኛ ሯጭ ውድድርን ለልምምድ ሲጠቀም በሚችለው መጠን ሮጦ ከሳምንቱ ከባድ ልምምዶች አንዱ ያደርገዋል። እሷ ጤነኛ ናት፤ ለራሷ የሚሠራውን ነው የነገረችሽ። አትቀየሚያት፤ ነገር ግን በ10 ኪሎ ሜትሩ ቀን አጠገቧ አትቁሚ።

ስለ ሁለቱ ውድድሮች ዝርዝሩን ልስጥሽ። በ3ኛው ሳምንት ያለውን 10 ኪሎ ሜትር ያዢ። ከመነሻው በፊት 10 ደቂቃ ተራምደሽ፣ 5 ደቂቃ በሶምሶማ ሰውነትሽን አሟሙቂ። የመጀመሪያዎቹን 4 ኪሎ ሜትሮች አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር በምትችይበት ፍጥነት ሩጪ፤ ለአንቺ 6 ደቂቃ አካባቢ ማለት ነው። ከ5ኛው እስከ 7ኛው ያለውን ጅማትሽ ዝም ካለ ወደ 5 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ አምጪው። ይህ ከምርጥ የግማሽ ማራቶን ፍጥነትሽ 20 ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ሆን ብዬ ነው። የቀሩትን 3 ኪሎ ሜትሮች ወደ 6 ደቂቃ ተመለሺ። አዎ፣ ፍጥነቱ የሚመጣው መሃል ላይ እንጂ መጨረሻ ላይ አይደለም። መጨረሻው ላይ ሰው ያጨበጭባል፣ ፎቶ አንሺ አለ፣ አጠገብሽ ያለው ድንገት ይፈነጠራል። የደከመ ባት ላይ 200 ሜትር መፈትለክ ደግሞ በዚያ ቀን ለጅማትሽ ከሁሉ የከፋው ነገር ነው። እየቀደሙሽ ግቢ። ፎቶው ላይ የአንቺ ፊት ብቻ የተረጋጋ ሆኖ ይወጣል።

የ5ኛውን ሳምንት 10 ኪሎ ሜትር ተይው። ጅማት ደህና ሆኖ ከቆየ በዚያ እሑድ ብቻሽን፣ ያለ ሰዓት፣ 14 ኪሎ ሜትር በዝግታ ብትሮጪ ለግማሽ ማራቶኑ የበለጠ ይጠቅምሻል። የ7ኛው ሳምንት 15 ኪሎ ሜትር ደግሞ ያንን 14 በደኅና ካሳለፍሽው ብቻ ነው። 5ቱን በዝግታ፣ 5ቱን በዚያችው በ5 ደቂቃ ከ15፣ የቀረውን እንደገና በዝግታ። ከመመዝገብሽ በፊት መንገዱን አይተሽው ከሆነ ጥሩ፤ ካላየሽው እዪው። ረጅም ዳገት ካለው ባትና ጅማት ከልክ በላይ ይለጠጣሉና ዳገቱን በእግርሽ ውጪው።

ውድድር ያለበት ሳምንት ሌላ ከባድ ሩጫ የለውም። ውድድሩ በሳምንቱ ላይ የሚጨመር ሳይሆን የአንዱን ከባድ ቀን ቦታ የሚወስድ ነው። ክብደት ይዘሽ የምትሠሪውን የተረከዝ እንቅስቃሴ ከእሑዱ 2 ቀን ቀደም ብለሽ አቁሚ፤ ረቡዕ ተመለሺበት። ከውድድር በኋላም ጅማት እስኪረጋጋ 2 ወይም 3 ቀን ይፈልጋል። ሰኞ ብስክሌት፣ ማክሰኞ ሰላም ከሆነ አጭር ሶምሶማ። ሩጫ በመመለሱ ብቻ የተረከዙን እንቅስቃሴ የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ በ3 ወሩ ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ሕመም ግልጽ መለኪያ ያስፈልግሻል። ባለሙያዎች ከ0 እስከ 10 ባለው ሚዛን ይለኩታል። 0 ምንም የለም፣ 10 የማይቻል ነው። ለአኪለስ ጅማት አንዳንድ ፕሮግራሞች እስከ 5 ድረስ ይፈቅዳሉ። ለአንቺ፣ ራስሽን እንደማትይዢ ስለነገርሽኝ፣ 3 ይበቃል። ሩጫ ላይ 3 ካለፈ ተራመጂ፤ ተራምደሽም ካልወረደ ውጪ። ዋናው ፈተና ግን የሰኞ ማለዳው ነው። ከአልጋ ስትወርጂ የምትረግጫቸው የመጀመሪያ 10 እርምጃዎች ከቅዳሜው ጠዋት የባሱ ናቸው ወይስ አይደሉም? እስከ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ቀድሞው ካልተመለሱ ውድድሩ በዝቶብሻል፤ የሚቀጥለው ይሰረዛል። አንድ ሌላ መፈተሻ ልጨምርልሽ። በግራ እግርሽ ብቻ ቆመሽ፣ ጉልበትሽን ዘርግተሽ፣ ተረከዝሽን ስንት ጊዜ ማንሣት ትችያለሽ? 25 እንበል። ቀኙ 14 ላይ ከተንቀጠቀጠ ፍጥነት ለመጨመር ጊዜው አይደለም፤ ያን ጊዜ ውድድሩን በሙሉ በ6 ደቂቃ ሩጪው።

የማስታገሻ ክኒን ውጠሽ መነሻው ላይ አትቁሚ። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ብቸኛውን ማስጠንቀቂያሽን ያፍኑብሻል፤ ረጅም ሩጫ ላይ ደግሞ ኩላሊትን ያስጨንቃሉ። ለሌላ ሕመም መድኃኒት ሲታዘዝልሽም ጅማትሽ እንደተጎዳ ለሐኪሙ ንገሪው። ሲፕሮፍሎክሳሲንና በእሱ ወገን ያሉ አንቲባዮቲኮች ጅማትን ሊያቆስሉ፣ አልፎ አልፎም ሊበጥሱ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። እየሮጥሽ ከኋላ ሰው የረገጠሽ ያህል ከተሰማሽና ዞረሽ ስታዪ ማንም ከሌለ፣ ወይም ጧ የሚል ድምፅ ከሰማሽ፣ ያ ጅማት የተበጠሰ ሊሆን ይችላልና እዚያው ቁሚና በዚያው ቀን ሐኪም ይይሽ።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሯጮችም ስላሉ አንድ ነገር በጥብቅ ልለይ። እስከ 3 ድረስ መታገሥ ይቻላል ያልኩት ለጅማት ነው። ከመጠን ባለፈ ሩጫ አጥንቱ የተሰነጠቀ ሰው የሚታገሠው ሕመም የለም፤ ልኩ 0 ነው። በአንድ ጣት ተነክቶ የሚታወቅ የአጥንት ሕመም፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ሲሮጡ ብሽሽት ውስጥ የሚሰማ ሕመም፣ ከእግር አናት ላይ መሃሉን የሚወጋ ሕመም ካለ የእኔን ምክር ትታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። የታፋ አጥንት አንገትና የእግር መሃል አጥንት ስንጥቅ በቸልታ ከታለፈ የሩጫ ዘመንን ሊያሳጥር ይችላል።

«አቋርጦ መውጣት»ን በተመለከተ ነውር እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2011 ቀነኒሳ በቀለ በባት ጉዳት ምክንያት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሳይወዳደር ቆይቶ ዴጉ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ተሰለፈ። በዚያ ርቀት 4 ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ዓለም በሙሉ እያየው ነው። መሃል ላይ ከመሮጫው ወጣ። ከ19 ቀን በኋላ ብራስልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43.16 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ፤ የዓመቱ ፈጣን ሰዓት ነበር። ዴጉ ላይ እልህ ይዞት እስከ መጨረሻው ቢጎትተው ኖሮ ብራስልስ ምን ይሆን እንደነበር እኔ አላውቅም፤ እሱም ሊያውቅ አልፈለገም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ደግሞ ከሲድኒ ኦሊምፒክ በኋላ ያንቺኑ ጅማት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት እ.ኤ.አ. በ2001 ኤድመንተን ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ ነሐስ ይዞ ነው የሄደው። 4 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ለነበረ ሰው ነሐስ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር መግቢያ ብሪስቶል ላይ የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ። እነሱ በዙሪያቸው ሐኪምና አሠልጣኝ ነበራቸው፤ ፍጥነታቸውንም ለእነሱ እንተውላቸው። አንቺ ከእነሱ የምትወስጂው በአንዱ ውድድር የጎደለባቸው የሚቀጥለውን እንዳላሳጣቸው ነው።

ግማሽ ማራቶኑን እንድትሮጪ ወይም እንዳትሮጪ ዛሬ አልነግርሽም፤ ማንም በሐቀኝነት ሊነግርሽ አይችልም። ከ15 ኪሎ ሜትሩ በኋላ ያለው ማክሰኞ ጠዋት ይነግርሻል። ያን ቀን መልሱ ጥሩ ከሆነ ሩጪው፤ ነገር ግን 1 ሰዓት ከ44ን አታስቢ፤ 2 ሰዓት ተኩል ተብሎ በሚጨረስበት ቡድን ውስጥ ሆነሽ ጀምሪ። ጥሩ ካልሆነ ያንን ጠዋት ውኃ በማደል አሳልፊው፤ ሯጭ ሁሉ አንድ ጊዜ ከጠረጴዛው ወዲያ ቆሞ ቢያየው ጥሩ ነው።

ከ10 ኪሎ ሜትሩ በኋላ ጻፊልኝ። ሰዓትሽን አልጠይቅሽም። ሰኞ ጠዋት እስከ መታጠቢያ ቤት ግድግዳውን ነክተሽ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።